ነፋስ ያልነካው የጣራ ጎን

ይርሳው ምስማር ሲገዛ ሻጩ በወረቀት የጠቀለለውን እንዳለ ተቀብሎ አይሄድም። ሱቁ ደጃፍ ላይ ቁጭ ይልና አንድ በአንድ እያነሳ ጭንቅላቱን በአውራ ጣቱ ይዳብሳል፤ የጎበጠውን ወደ ግራ፣ ደህናውን ወደ ቀኝ ይለያል።

"ጋሽ ይርሳው፣ ምስማር እኮ ነው፣ እንቁላል አይደለም" ይለዋል ሻጩ።

"እንቁላል ቢበላሽ የሚጎዳው አንድ ሆድ ነው" ይላል ይርሳው ቀና ሳይል።

መሰላል ላይ ከመውጣቱ በፊት ሦስት ጊዜ በእግሩ ይመታዋል። እንጨት ሻጭ "ደረቅ ነው" ካለው እርጥብ ነው ብሎ ይጀምራል። በሰው ላይም ያው ነው። ሰላምታ ያበዛበት ሰው ካለ "ምን ፈልጎ ይሆን?" እያለ ቤቱ እስኪደርስ ያሰላስላል። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ደግሞ ብሶበታል። ግቢው ውስጥ ያሉትን ሁለት ክፍሎች አከራይቷል፤ ተከራዮቹ ውሃ ቀድተው ሲገቡ ተነስቶ ሄዶ ቧንቧው በደንብ መዘጋቱን ያያል።

እንዲህም ሆኖ አሰላ ውስጥ ጣራ የሚያሠራ ሰው መጀመሪያ የሚጠራው እሱን ነበር። ቆርቆሮ መምታት ከጀመረ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ሙያው የአባቱ ነው። አያቱ ከመንዝ መጥተው ጭላሎ ግርጌ ሰፈሩ፤ አባቱ የሳር ቤት ከዳኝ ሆኑ፤ ሳሩ ቀርቶ ቆርቆሮ ሲመጣ እሳቸውም ገመዱን ጥለው መዶሻ አነሱ። ለልጃቸው የተዉለት አንድ ሕግ ነበር። "ለነፋስ ፊት ሁለት፣ ለጀርባው አንድ።" በሳሩ ዘመን ነፋስ በሚመጣበት በምሥራቅ በኩል ማሰሪያውን ድርብ ያደርጉት ነበር። ይርሳው ይህንኑ ወደ ምስማር አዞረው። በምሥራቁ ጎን ሁለት ምስማር በሚመታበት ስፋት፣ በምዕራቡ ጎን አንድ ብቻ ይመታል። ለምን ብሎ ጠይቆ አያውቅም። ሁሉን የሚጠራጠር ሰው አባቱን ግን አልተጠራጠረም።

ሌላው ልማዱ የራሱ ነው። ሌሎቹ ቆርቆሮ መቺዎች ሥራ ሲያልቅ የተረፈውን ምስማር ኪሳቸው ይከታሉ፤ የሠራተኛ ድርሻ ነው ተብሎ ስለሚታወቅ ማንም አይጠይቃቸውም። ይርሳው ግን የተረፈውን በጣሳ አድርጎ ለባለቤቱ ያስረክባል። "የሰው ምስማር ይዞ የሄደ ሲጠረጠር ይኖራል" ይል ነበር።

ካቻምና ከኢተያ በላይ ባለች አንዲት ቀበሌ የገበሬዎች ማህበር የስንዴ መጋዘን አሠራ። ጣራውን የመታው ይርሳው ነው። የተረፈውን ምስማር በዱቄት ወተት ጣሳ አድርጎ ለመጋዘን ጠባቂው ለሚፍታ ሰጠው። ሚፍታ ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ የሆነው፣ ሚዛን ላይ ቀልድ የማያውቅ፣ ከሚዛን ውጪ ግን ቀልደኛ ሰው ነው።

ባለፈው ጥር፣ ስድስት ሰዓት ገደማ ላይ፣ ይርሳው ምሳውን ሊበላ ሲል ስልኩ ጠራ።

"ጋሼ፣ ጣራው ሄደ" አለ ሚፍታ።

"የት ሄደ?"

"የሀጂ ከዲሮ ገለባ ክምር ላይ ነው ያለው።"

ምሳውን ትቶ ሚኒባስ ተሳፍሮ ኢተያ ወረደ፤ ከዚያ ባጃጅ ያዘ። ነፋሱ የባጃጁን ሸራ እያንጫጫ ነበር። ሾፌሩ በየመታጠፊያው ነፋሱን ይሰድባል። በወዲያኛው ኮረብታ ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ረጃጅም ክንፎች ይዞራሉ። ይርሳው አይቷቸው ፊቱን አዞረ፤ ምን እንደሚያዞራቸው ገብቶት አያውቅም፣ ያልገባውን ነገር ደግሞ ብዙ ማየት አይወድም።

መጋዘኑ ዘንድ ሲደርስ ከባጃጁ ሳይወርድ ቆየ። ነፋሱ ጠዋቱን ሙሉ ከምሥራቅ ነው የነፈሰው፤ በዚህ የተለያየ ሰው አልነበረም። የምሥራቁ ጎን ግን እንዳለ አለ፤ አንድ ቆርቆሮ እንኳ አልተነቃነቀም። የሄደው የምዕራቡ ነው። ከጣራው አናት ጀምሮ እስከ ጠርዙ አሥራ አራት ቆርቆሮ ተገፎ፣ ከሥሩ ያለው የሙራሌ እንጨት እንደ ከሳ በሬ ጎድን ገጥጦ ይታያል። ነፋሱ የመታው ጎን ዳነ፤ ነፋስ ያልነካው፣ ከጣራው አናት ጀርባ የተከለለው ጎን በረረ።

ሰዉ ተሰብስቧል። የሚናገሩትን ለመስማት መቅረብ አላስፈለገውም።

"ነፋስ በፊት ለፊት ይማታል እንጂ ዞሮ ከኋላ አይሰርቅም" ይላል አንዱ።

"ምስማሩን የነቀለ ሰው አለ" ይላል ሌላው። "ጣራ ከፍቶ ስንዴ ሊያወጣ ነው። ነፋሱ ቀድሞ አጋለጠው።"

የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ሀጂ ከዲሮ ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ረጅም ዘንግ ይይዛሉ፤ ሰው ሲናገር ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፤ ተኝተዋል ብሎ የዋሸ ብዙ ሰው ተዋርዷል። ይርሳው ከመድረሱ በፊት የሚፍታን ቢሮ አስፈትሸው ነበር። ከሚዛኑ ኋላ ያ የወተት ጣሳ ተገኘ። ሊሞላ ትንሽ የቀረው የቆርቆሮ ምስማር ነበረበት።

"ይህ ምንድን ነው?" አሉ ሀጂ፣ ጣሳውን በዘንጋቸው ነካ አድርገው።

"ምስማር ነው፣ ሀጂ" አለ ሚፍታ።

"ምስማር መሆኑን ለማየትማ ዓይኔ ገና አልጠፋም። ከየት መጣ?"

"ጋሽ ይርሳው ናቸው የሰጡኝ። ካቻምና፣ ጣራው ሲያልቅ። ይኸው እሳቸውም መጡ፣ ይጠየቁ።"

ዓይኑ ሁሉ ወደ ይርሳው ዞረ። ይርሳው ጣሳውን አወቀው። አፉን ሊከፍት ሲል ከኋላ አንድ ድምፅ ቀደመው።

"ይህን ያህል ምስማር ከተረፈው ጣራውን በምን መታው? በምራቅ?"

ሰዉ ሳቀ። ይርሳው ሳቁን ሲሰማ ሊል የነበረውን ተወው። ደግሞም ሚፍታን አየው። ጣሳው ያኔ ሙሉ ነበር ወይስ ግማሽ? ከዚያ ወዲህ የተጨመረበት ቢኖርስ? በሁለት ዓመት ውስጥ ሰው ምን እንደሚያስብ ማን ያውቃል?

"ሰጥቼዋለሁ" አለ። "ስንት እንደነበር ግን አላስታውስም።"

ሚፍታ አንገቱን ወደሱ አዞረ።

ሀጂ ከዲሮ ዓይናቸውን ገለጡ። "እንግዲህ ስማ፣ ይርሳው። ምስማር የምታውቀው አንተ ነህ፣ እኛ ስንዴ ነው የምናውቀው። በመጪው ሐሙስ እዚሁ እንቀመጣለን። ይህ ምስማር ከጣራችን የተነቀለ ከሆነ ንገረን፤ ሚፍታ ቁልፉን አስረክቦ ወደ ፖሊስ ይሄዳል። የተነቀለ ካልሆነ ደግሞ አንተ ጣራችንን በጎዶሎ ምስማር ሸፍነህልናል ማለት ነው፤ ከኢተያ እስከ ሮቤ ከእንግዲህ ጣራ ላይ የሚያወጣህ የለም። ቶሌ?"

"እሺ" አለ ይርሳው። ከጣሳው አንድ እፍኝ፣ ከወደቀው ቆርቆሮ ላይ ደግሞ አንድ እፍኝ ምስማር ይዞ ተመለሰ።

ቤቱ ሲደርስ ሁለቱን እፍኝ ጠረጴዛ ላይ ለየብቻ ዘረገፋቸው። መልሱን ለማግኘት ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። አንዴ እንጨት የገባ ምስማር እንደ አዲስ ሆኖ አያውቅም፤ ጭንቅላቱ የመዶሻ ጠባሳ ይይዛል፤ ከሥሩ ያለው፣ ከመኪና ካላማዳሪ የተቆረጠው ጎማ ይደፈጠጣል። የጣሳው ምስማሮች ጭንቅላታቸው ያብለጨልጫል፤ ጎማም አልገባባቸውም። አንዱም መዶሻ አልቀመሰም። ሚፍታ አልነቀለም።

ይህን ሲያውቅ ደስ አላለውም። ሚፍታ ካልነቀለ ማን ነቀለ? ሁለተኛውን እፍኝ፣ ከቆርቆሮው ጋር የበረሩትን፣ ቀረብ አድርጎ አያቸው። ሰው በጉጠት ወይም በመዶሻ ጆሮ ሲነቅል ምስማሩን ያጎብጠዋል። እነዚህ ግን ቀጥ እንዳሉ ነው የወጡት። አንድ ነገር ወደ ሰማይ ቀጥ አድርጎ ስቧቸዋል። ቀና ብሎ የራሱን ጣራ አየ፤ ከዚያ በሩን ቆለፈ።

ከተከራዮቹ አንዷ ፅዮን ናት፤ ከወልዲያ ተመድባ የመጣች የፊዚክስ መምህርት። ይርሳው ይጠረጥራት ነበር፣ ምክንያቱም በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ኪራይ ይቀንሱልኝ ብላ አታውቅም። ቅዳሜ ጠዋት ቧንቧው አጠገብ ልብስ ስታጥብ መጥቶ ቆመ።

"መምህርት፣ ነፋስ ያልነካውን ነገር ሊወስድ ይችላል?"

"ምን ዓይነት ነገር?"

ነገራት። የሚፍታን ነገር ግን ዘለለው። እሷ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

"ጋሽ ይርሳው፣ አውሮፕላን እንዴት እንደሚነሳ ያውቃሉ?"

"እኔ የጠየቅሁሽ ስለ ቆርቆሮ ነው።"

"ያው ነው" አለችና በእንጨት ስንጥር መሬት ላይ አንድ ክንፍ ከጎኑ ሲታይ ሳለች፤ ሆዱ ቀና ያለ፣ ጀርባው ጎበጥ ያለ። "አየሩ እዚህ ፊቱ ላይ ለሁለት ይከፈላል። በላይ የሚሄደው መንገዱ ረጅም ነው፤ ስለዚህ ይፈጥናል። ሲፈጥን ጫናው ይቀንሳል። ከታች ያለው ጫና ስለሚበልጥ ክንፉን ወደ ላይ ያነሳዋል።"

"መንገዱ ቢረዝም ለምን ይፈጥናል?"

"ከታችኛው ጋር ጫፉ ላይ እኩል ለመድረስ።"

"ማን ቀጠራቸው?"

"አቤት?"

"የላዩና የታቹ አየር ጫፉ ላይ እንዲገናኙ ማን ቀጠራቸው? እኔና ወንድሜ ተቀጣጥረን እንኳ ኢተያ ላይ ተገናኝተን አናውቅም።"

ፅዮን ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ቀስ ብሎ ጠፋ። የሳለችውን አየች። "መጽሐፉ እንደዚህ ነው የሚለው" አለች።

"መጽሐፉን የጻፈው ሰው ጣራ ላይ ወጥቶ ያውቃል?"

እሁድን ሙሉ አላናገረችውም። ይርሳው የደበቀችው ነገር አለ ብሎ ደመደመ። ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ግን ቀጥታ ወደ በሩ መጣች።

"ልክ ነዎት" አለች። "ስፈልግ ነው የሰነበትኩት። አየሩ ቀጠሮ የለውም። እንዲያውም የላዩ ከታችኛው ቀድሞ ነው ጫፉ ላይ የሚደርሰው። የላዩ መፍጠኑ እውነት ነው፣ ጫናው መቀነሱም እውነት ነው፤ ምክንያቱ ነው ውሸቱ። አራት ዓመት አስተምሬዋለሁ፣ አንድም ተማሪ አልጠየቀኝም።"

"ታዲያ ለምን ዋሸሽኝ?"

"አልዋሸሁም። የተነገረኝን አምኜ ነው የነገርኩዎት።"

"ከውሸትም የሚያስፈራው እሱ ነው" አለ ይርሳው።

"አሁን ማንኪያ ያምጡ።"

የሾርባ ማንኪያ አመጣ። ፅዮን ቧንቧውን ከፈተችና ውሃው ቀጥ ብሎ በቀጭኑ እንዲወርድ አደረገች። ማንኪያውን ከእጀታው ጫፍ በሁለት ጣቷ ላላ አድርጋ አንጠለጠለችው፤ የጎበጠውን ጀርባውን ወደ ውሃው አስጠጋች። ጀርባው ውሃውን ገና ሲነካ ማንኪያው ጥልቅ ብሎ ገባ።

"አንቺ ነሽ የገፋሽው" አለ።

"ይኸው፣ እርስዎ ይያዙት።"

ያዘው። ማንኪያው ከጣቱ ሸሽቶ ወደ ውሃው ገባ። የራሱ እጅ እንዳይሆን ጠረጠረ። ከቤት ክር አምጥቶ እጀታው ላይ አሰረና ከሩቅ አንጠለጠለው። ማንኪያው አሁንም ውሃው ውስጥ ገብቶ ቆመ፤ ክሩ ዘሞ ቀረ። ይርሳው ውሃ ያገኘውን ሁሉ የሚገፋ ይመስለው ነበር። ይህ ግን እየሳበ ነው።

"ማንኪያውን ሳይሆን ውሃውን ይዩት" አለች ፅዮን። "ከማንኪያው ጫፍ ሲለቅ ወዴት ነው የሚሄደው?"

ውሃው ቀጥ ብሎ መውረዱን ትቶ ወደ ጎን ጎብጧል።

"ጀርባውን ተከትሎ ስለሚጎብጥ ነው። ማንኪያው ውሃውን ወደዚያ ሲልከው ውሃው ማንኪያውን ወደዚህ ይስበዋል። ክንፍም እንዲህ ነው። ፊቱን ቀና አድርጎ ይሄዳል፤ አየሩ የጀርባውን ጉብታ ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳል። አየሩ ወደ ታች ሲላክ ክንፉ ወደ ላይ ይነሳል። ከጀርባው ላይ ያለው ጫና ይሳሳል፣ ከሆዱ ሥር ያለው ግን አለ፤ የበዛው ያነሰውን ይገፋል።"

"ጭልፊት ክንፏን ሳታርገበግብ የምትንሳፈፈው?"

"በዚሁ ነው። የእነዚያ የኢተያዎቹ ማመንጫዎች ክንፍም የሚዞረው በዚሁ ነው።"

ይርሳው ክሩን እንደያዘ አሰበ። "ጣራ ግን ማንኪያ አይደለም። አናቱ ስለት ነው። ነፋሱ እንዴት ተከትሎ ይወርዳል?"

"አይወርድም" አለች፤ ጥያቄው ደስ አሰኝቷታል። "እዚህ ላይ ጣራው ከክንፍ ይለያል። ነፋሱ በፊት ለፊት ወጥቶ አናቱን ይዘልላል። ዘሎ ሲያልፍ ከኋላ ያለውን አየር ጠራርጎ ይዞት ይሄዳል። ከጀርባው ላይ ጫናው ይሳሳል። ምክንያቱ ትንሽ ቢለይም ውጤቱ አንድ ነው።"

"መጋዘኑ ውስጥ ያለው አየርስ?"

"እሱ የትም አልሄደም።"

ይርሳው ቧንቧውን ዘጋ። ኪሱ ውስጥ ካሉት ቀጥ ያሉ ምስማሮች አንዱን አውጥቶ በመዳፉ ላይ አገላበጠው። ማንም ከላይ አልነቀለውም። ስንዴው ላይ ተኝቶ የነበረው አየር ነው ከሥር የገፋው።

"ስለዚህ" አለ ቀስ ብሎ፣ በአባቱ ላይ እንደሚመሰክር ሰው፣ "ሁለት የሚያስፈልገው ጀርባው ነበር።"

ፅዮን ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባትም፤ እሱም አላስረዳትም። ገብቶ ተቀመጠ። በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ የመታቸው ጣራዎች ሁሉ ጀርባቸው የሳሳ ነው። ሐሙስ እውነቱን ከተናገረ ስሙ አለቀ። ዝም ካለ ደግሞ፣ "ለመለየት አስቸጋሪ ነው" ካለ፣ ምስማር አፍ የለውም። ሚፍታ ግን አራት ልጆች አሉት። ይህን ላለማሰብ ሞከረ። ሚፍታ በሌላ ነገር ሌባ ሊሆን ይችላል እኮ፣ መጋዘን ጠባቂ ነው፤ ሚዛን ይይዛል። የሚያስጠረጥር ነገር ሲፈልግ ዋለ፤ አንድም አላገኘም።

ረቡዕ ሚፍታ ደወለ። "ጋሼ፣ ነገ ምን ሊሉ ነው?"

"በስልክ አልናገርም" አለ ይርሳው። ሰው እየቀዳው ይሆናል ብሎ ነው። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ያንን ቃል ሚፍታ እንዴት እንደሰማው ገባው፤ መልሶ ግን አልደወለም።

ሐሙስ ሽማግሌዎቹ በመጋዘኑ ጥላ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ሚፍታ ቁልፉን በእጁ ይዞ መጥቷል። ይርሳው ተነስቶ ሁለቱን የምስማር ዓይነት ጨርቅ ላይ ዘርግቶ አሳየ። የትኛው መዶሻ እንደቀመሰ፣ የትኛው እንዳልቀመሰ ነገራቸው። ከዚያ የአባቱን ሕግ ተናገረ። "የጣሳው ምስማር እኔ ያተረፍኩት ነው። ለጀርባው ግማሽ ነው የመታሁት። ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የምመታው።"

ሽማግሌዎቹ ምስማሩን ተቀባብለው አዩ። ከዚያ አንዱ ሽማግሌ፣ "ትናንት የሚፍታ አጎት አሰላ ታይቷል" አለ።

"እኔም አይቼዋለሁ" አለ ይርሳው። "ሰላም እንዳይለኝ መንገድ ቀይሬ ሄድኩ።"

"ምን አበሉህ፣ ይርሳው?" አሉ ሀጂ ከዲሮ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ።

"ሀጂ፣ ጉቦ የበላ ሰው በራሱ ላይ ይመሰክራል?"

"በሬ ጉቦ ከተሰጠው ሰው ብዙ ነገር ያደርጋል።"

"እንግዲያው እኔን አትመኑኝ" አለ ይርሳው። ይህን ሲናገር ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠነከረ። "ሰው ይውጣና ሙራሌው ላይ ያለውን ቀዳዳ ይቁጠር። ምስማር ተነቅሎ ቢሆን ቀዳዳው ይቀር ነበር። በምዕራቡ ያለው ቀዳዳ ከምሥራቁ ምስማር ግማሽ ካልሆነ ያኔ እኔም ሚፍታም ውሸታሞች ነን።"

ሀጂ ሁለት ሰው አወጡ፤ እርስ በርሳቸው እንዳይስማሙ ሆን ብለው የተኳረፉ ጎረቤታሞችን መረጡ። ሁለቱም ቆጥረው ወረዱ፤ ሁለቱም ግማሽ ነው አሉ። ሚፍታ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

"ዱጋ ነው፣ እውነት ነው" አሉ ሀጂ። "ሚፍታ ከነገሩ ወጥቷል። አሁን የቀረኸው አንተ ነህ። ስስት ነው?"

"ስስት ቢሆን የተረፈውን ለምን አስረክባለሁ?"

"እሱም አለ። ታዲያ ነፋስ ያልነካው ጎን እንዴት በረረ?"

ይርሳው ጀሪካን ውሃና ማንኪያ አስመጣ። አንድ ሰው ከአግዳሚው ላይ ቆሞ ውሃውን በቀጭኑ አፈሰሰ፤ ይርሳው በክር ያንጠለጠለውን ማንኪያ አስጠጋ። ሽማግሌዎቹ አጎነበሱ። ሀጂ ከዲሮ ክሩን ተቀብለው ራሳቸው ሞከሩት፤ ሁለተኛም ሞከሩት። ክሩ ላይ የተቀባ ነገር ይኖር እንደሆነ አሸቱ። ማንኪያውን ገልብጠው በጎድጓዳው በኩል ሲያስጠጉት ውሃው ገፍቶ ወረወረው፤ በጀርባው ሲመልሱት ግን ገባ።

"በጀርባው ነው የሚወሰደው" አሉ በመጨረሻ። ውሃው ጫማቸውን አርሶታል። "ስስት አይደለም፣ አለማወቅ ነው። አለማወቅ ግን ጣራ አይሆንም። የሄደውን መልሰህ ትመታለህ፣ ለጀርባው ሁለት አድርገህ። ከዚያ በኋላ አንተን መጥራት አለመጥራት የሰው ፈንታ ነው፤ እኛ አንከለክልም፣ ዋስም አንሆንህም።"

በማግስቱ ሥራውን ጀመረ። ሚፍታ ጣሳውን አምጥቶ ከመሰላሉ ሥር አስቀመጠለት።

"ጋሼ፣ የመጀመሪያው ቀን ለምን ዝም አሉ?"

"ጠርጥሬህ ነበር።"

"እሺ። እውነቱን ያወቁት መቼ ነው?"

ይርሳው መሰላሉን በእግሩ ሲመታ ቆየ። "አንተ አለመንቀልህን የዚያኑ ዕለት። የቀረውን ሰኞ።"

"ረቡዕ ደወልኩልዎ።"

"ረቡዕ የፈራሁት ለራሴ ነው።"

ሚፍታ ራሱን ነቀነቀ። ምስማሩን እየቆጠረ አቀበለው፣ ቆርቆሮውን አነሳለት፣ ቀኑን ሙሉ አንድ ክፉ ቃል አልተናገረውም። መሰላሉን ግን አልያዘለትም።

ወሬው ከይርሳው ቀድሞ አሰላ ገባ። ጣራ ሊያሠሩት ቃል የገቡ ሦስት ሰዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ሌላ ሰው አገኘን አሉት። ይርሳው አልተከራከራቸውም። ምስማር ገዝቶ፣ ደጃፉ ላይ ለይቶ፣ መሰላሉን ተሸክሞ ድሮ የመታቸውን ቤቶች መዞር ጀመረ። መጀመሪያ የሄደው ፋናዬ ዘንድ ነው። እድሜዋ ከእሱ ጋር የሚቀራረብ፣ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት፤ የቤቷን ጣራ ከመታ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

"ጣራሽ ላይ ልውጣ" አላት።

"ምን ሆነ?"

"ገና ምንም አልሆነም። ከኋላ በኩል ምስማር ልጨምርበት ነው።"

"ስንት ነው?"

"በነፃ ነው።"

ፋናዬ በሩን ገርበብ አደረገችው። "አቶ ይርሳው፣ አሥራ ሁለት ዓመት ያልጠየቅኸኝ ሰው ዛሬ በነፃ ጣራዬ ላይ ትወጣለህ? ቤቴን ማን አስጠናህ?"

"ማንም አላስጠናኝም። ነፋስ ከኋላ ያነሳዋል፣ ለዚያ ነው።"

"ከኋላ? ነፋሱ በፊት ለፊት አይደለም እንዴ የሚመጣው?"

ማንኪያውን ሊያሳያት ፈለገ፤ ቧንቧዋ ግን ውሃ አልነበረውም። በአፍ አስረዳት። ስለ ክንፍ፣ ስለ ጀርባ፣ ከውስጥ ስለሚገፋው አየር። ሰምታ ስትጨርስ ይበልጥ ጠረጠረችው።

"መታወቂያህን አምጣ" አለች።

ሰጣት። ፎቶውን ከፊቱ ጋር አስተያየች። "አንተን አይመስልም" አለችና ጉያዋ ከተተችው። ከዚያ በርጩማ አውጥታ ከመሰላሉ ሥር ተቀመጠች።

ይርሳው ወጣ። የምሥራቁን ጎን ረግጦ አናቱን ተሻግሮ በምዕራቡ ጎን ተንበረከከ። እዚህ ነፋሱ የለም፤ ፀጥ ያለ ነው፤ ላቡ እንኳ አልደረቀም። መዳፉን ቆርቆሮው ላይ አሳረፈ። ከወዲያ በኩል ነፋሱ ጨመር ባለ ቁጥር ቆርቆሮው ከሥሩ ትንፋሽ እንዳለው ሁሉ ከፍ ይልና ይመለሳል። አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ሲል ኖሯል። በጉልበቱ ተጭኖ የመጀመሪያውን ምስማር መታ።

"አንድ" አለች ፋናዬ ከታች።

እስከ ሰባ ሁለት ቆጠረች። ሲወርድ ምስማር ያለበትን ከረጢት አገላብጣ አየች፣ ከጣራው የወሰደው ነገር እንዳይኖር ኪሱን ፈተሸችው።

"መታወቂያዬን" አለ ይርሳው።

"ይህ ነፋስ እስኪያልፍ እኔ ጋ ይቆይ። ጣራው ከቆመ መጥተህ ትወስዳለህ።"

ይርሳው አሰበበት። እሱም በእሷ ቦታ ቢሆን አይመልስም ነበር። መሰላሉን ተሸክሞ ወደሚቀጥለው ቤት ሄደ።